አማቴ የጠጡት የቢራ አበባ

ባለቤቴ አንድ ነገር ሲወድ ቤታችን ይጠባል። አንድ ሰሞን ንብ ላርባ ብሎ ተነሣና ጎረቤቶቻችን በርና መስኮት ዘግተው ከረሙ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ዳቦ በራሴ እርሾ ካልጋገርኩ አለ፤ የአዳማ ሙቀት ሊጡን ከሳህኑ አስወጥቶ ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰው። ስለዚህ ለሥልጠና ጀርመን ደርሶ የተመለሰ የሥራ ባልደረባው አንድ ከረጢት ደረቅ አበባ ይዞለት የመጣ ዕለት፣ ከረጢቱን ገና እንዳየሁት «አሁን ደግሞ የትኛው ክፍል ነው የሚያዘው?» አልኩት።

«ምንም ክፍል አይዝም» አለኝ። «ቢራ ነው የምጠምቀው።»

ይህን ሲል ዓይኑን ብታዩት ቢራ የሚባል ነገር በዓለም ላይ ገና ዛሬ ሊፈጠር ነው ትላላችሁ። እኔ ግን ወንጂ ነው የተወለድኩት። አባቴ ሸንኮራ ሊቆርጥ ከሩቅ አገር መጥቶ እዚያው የቀረ ሰው ነበር፤ እናቴ ደግሞ ለሸንኮራ ቆራጮች ጠላ እየጠመቀች ነው ያሳደገችን። የጥንስስ ሽታ ለእኔ የቤት ሽታ ነው። ባሌ ቢራ ልጠምቅ ነው ሲለኝ፣ አንድ ትልቅ ሰው ገንፎ የሚባል ነገር አገኘሁ ብሎ እንደነገረኝ ነው የቆጠርኩት።

እሱ ያደገው በሌላ ዓለም ነው። ኩየራ፣ ከሚስዮኑ አጥር ሥር። በእነሱ ቤት አልኮል ቀርቶ ቡና እንኳ አይገባም። ቢራ የቀመሰው ዩኒቨርሲቲ ከገባ በኋላ ነው፤ እስከ ዛሬም አንድ ጠርሙስ አይጨርስም። ግብዣ ላይ ግማሹን ይጠጣና ግማሹን ወደ ብርሃን አንሥቶ ያየዋል። የዱቄት ፋብሪካ የጥራት ተቆጣጣሪ ስለሆነ ይሆናል፣ ከሚበላውና ከሚጠጣው ነገር ይልቅ የተሠራበት መንገድ ነው የሚያጠግበው።

ብቅል ልንገዛ ገበያ አብረን ሄድን። ሻጯ ሴትዮ መስፈሪያዋን እየሞላች «ለጠላ ነው አይደል፣ የኔ ወንድም?» አለችው።

«አይ፣ ለቢራ ነው» አለ ደረቱን ነፍቶ።

ሴትዮዋ መስፈሪያዋን አስቀመጠችና ወደ እኔ ዞረች። «ምነው፣ ፋብሪካው ተዘጋ እንዴ?»

እስክንርቅ ድረስ ከጎረቤቶቿ ጋር ስትስቅ ይሰማን ነበር። ባለቤቴ ግን ብቅሉን በትከሻው ተሸክሞ፣ እንደ ታቦት በጥንቃቄ እየተራመደ ወደ ባጃጁ ሄደ።

ቅዳሜ ጠዋት መጥመቅ ጀመረ። ትልቁን ብረት ድስት ጣደ፣ ብቅሉን በሞቀ ውሃ ዘፈዘፈ፣ አጠለለ፣ እንደገና ጣደ። ቴርሞሜትሩን ከእጁ አላስቀመጠም። አበባውን ከከረጢቱ ሲያወጣ ግን ፊቱ ሌላ ሆነ። የአበባው ስም ሆፕስ ይባላል። አረንጓዴ ነው፣ ጣት በምታህል እንቡጥ ላይ ቅርፊቱ ተደራርቦ የተሠራ፣ ስትነኩት የሚፈረፈር። ሽታው የሎሚ ልጣጭና የደረቀ ሣር የተቀላቀለበት ነገር ነው። በመዳፉ ይዞ አስሸተተኝ።

«ይሄን እንዳለ አልጨርሰውም» አለኝ። «ግማሹ ከብቅሉ ውሃ ጋር ይቀቀላል፤ እሱ ለምሬት ነው። ግማሹ ግን እሳት አያየውም። በርሜሉ ውስጥ እርሾው ሠርቶ ሠርቶ ጋብ ሲል፣ አበባው እንደደረቀ ይጨመራል። እሱ ለመዓዛ ነው። የቢራ ሁሉ ምሥጢር እዚያ ላይ ነው ያለው።»

«ጌሾ በለኛ!»

«ጌሾ አይደለም። ሆፕስ ነው።»

«እናቴም እኮ ቅጠሉን ለጥንስሱ፣ እንጨቱን ኋላ ላይ ነበር የምትጨምረው።»

«የእናትሽ ጠላ ነው። ይሄ ቢራ ነው።»

«ልዩነታቸው ምንድን ነው?»

ትንሽ አሰበና «ቴርሞሜትር» አለኝ።

የቀዘቀዘውን ውሃ በፕላስቲክ በርሜል ሞላው፣ እርሾውን በተነበት፣ ክዳኑን ገጠመ። ከክዳኑ ቀጭን ቱቦ ወጥታ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ትገባለች፤ እርሾው ሲሠራ አየሩ በዚያች ቱቦ ወጥቶ ጠርሙሱ ውስጥ ብልቅ ይላል። ያን ጊዜ ነው ምንም ክፍል አይዝም የተባለው ቢራ መታጠቢያ ቤት የገባው። የአዳማ ሙቀት እርሾውን ያሳብደዋል ብሎ በርሜሉን እርጥብ ጆንያ አለበሰውና የሳሎኑን ማራገቢያ አዞረለት። እኔ በወባ ተኝቼ በነበረበት ጊዜ እንኳ ያን ያህል አልተራገበልኝም። ገላችንን የምንታጠበው ከበርሜሉ ጎን በአንድ እግር ቆመን ሆነ። ከሥራ ሲመለስ ጫማውን ሳያወልቅ መጀመሪያ በርሜሉን ነው የሚጠይቀው። በዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ብልቅታውን ያዳምጥና «ደስ ብሎታል» ይለኛል።

እንዲህ በሰላም ስንኖር አማቴ ስልክ ደወሉ።

አማቴ ኩየራ ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ልጆቻቸው እየተፈራረቅን እኛ ጋ ይምጡ ብንላቸውም የጸሎት ቡድናቸውን ጥለው አይንቀሳቀሱም። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ነጭ ሻሻቸው የማይጎድል ሴት ናቸው። ሲቆጡ ድምፃቸው ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ለዚህ ነው ልጆቻቸው የሚፈሯቸው። ያን ቀን የደወሉት የዓይናቸው ሞራ ሊገፈፍ እንደሆነና ሐኪሙ አዳማ እንደላካቸው ሊነግሩን ነው። እኛ ጋ ይቆያሉ።

ባለቤቴ ስልኩን ዘግቶ ቆመ። ደስታና ድንጋጤ ፊቱ ላይ ተጋፉ።

«በርሜሉ» አለ።

«ንገራቸዋ! ትልቅ ሰው አይደለህ እንዴ? ፂምህ እኮ ሸብቷል።»

«ዓይኗን ልትታከም ነው የምትመጣው፣ እንድታለቅስ ነው የምትፈልጊው?»

በርሜሉን ተሸክመን እኛ መኝታ ክፍል አስገባነው። ቁም ሣጥኑና አልጋው መካከል ቆመ፣ ጆንያውን እንደለበሰ። የቀረው አበባ ደግሞ ከረጢቱ ላይ የቢራ ብርጭቆ ሥዕል ስላለበት ባለቤቴ አንድ ብልሃት አመጣ። አበባውን ባዶ የሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ውስጥ ገለበጠውና ማቀዝቀዣው ውስጥ፣ ከቅቤው ጀርባ ደበቀው። «ሻይ ቅጠል ማን ይጠረጥራል?» አለኝ በኩራት። እኔም ጥሩ ሐሳብ መስሎኝ ነበር።

አማቴ ከአውቶቡስ የወረዱት ግማሽ ጆንያ ድንችና ባቱ ላይ በመስኮት የገዙትን ፓፓያ ይዘው ነው። ሁለታችንንም አገላብጠው ሳሙን። በዓይናቸው ብዙም አያዩም፤ ሰውን ከማቀፋቸው በፊት በእጃቸው ትከሻውን ይፈልጋሉ። ቤት እንደገቡ ግን ቆም አሉና አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሡ።

«እርሾ ይሸተኛል።»

«ዳቦ ስለሚጋግር ነው፣ እማማ» አልኳቸው። ባለቤቴ መዋሸት አይችልም፤ ሲያስፈልግ ወደ እኔ ዞሮ ያያል። ደግሞም ዳቦው እውነት ነበር፣ ጊዜው ብቻ ነው ያለፈው።

በማግስቱ እኔም እሱም ሥራ ውለን ስንመለስ አማቴ ወጥ ቤት ጠረጴዛ አጠገብ ቁጭ ብለው ከትልቅ ኩባያ ፉት እያሉ አገኘናቸው። ጠረጴዛው ላይ ቆርቆሮው ክዳኑ ተከፍቶ ቆሟል። ባለቤቴ በሩ ላይ እንደቆመ ቀረ።

«ኮታ፣ ኑ ግቡ እንጂ» አሉ። «ሻይ ፈልጌ ይሄን አገኘሁ። የዱር አበባ ነው መሰለኝ። መራራ ነው፣ ግን ጥሩ መራራ ነው። ለሆዴ ይሆነኛል ብዬ አፈላሁት። ምን ይባላል?»

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረ።

«የአበባ ሻይ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። «ከውጭ የመጣ።»

«የውጭ ሰውም መራራ ያውቃል ማለት ነው» አሉና ኩባያቸውን ጨረሱ።

በሚቀጥለው ጠዋት ለቁርስ ስንነሣ የእሳቸው ክፍል ዝም ብሏል። ይህ ሆኖ አያውቅም። አማቴ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው የሚጸልዩ ሴት ናቸው፤ ጸሎታቸው ደግሞ በግድግዳ በኩል የእያንዳንዳችንን ስምና ጉድለት እየዘረዘረ ይሰማል። ባለቤቴ ሮጦ በሩን ሊያንኳኳ ሲል ራሳቸው ከፈቱት። ሻሻቸው ወደ ጎን ዞሯል፣ ጉንጫቸው ላይ የትራስ መስመር አለ።

«አካም ቡልተኒ?» አሉ እንደ ልማዳቸው፤ እንዴት አደራችሁ ማለታቸው ነው። ከዚያ ግን ወንበር ስበው ተቀመጡና እንደ ተገረመ ሰው እጃቸውን ማየት ጀመሩ። «ተኛሁ እኮ።»

«ጥሩ ነዋ፣ እማዬ» አለ ባለቤቴ።

«አይ፣ ልጄ፣ አልገባህም። አባትህ ካረፈ ጀምሮ እንዲህ ተኝቼ አላውቅም። ራሴን ትራስ ላይ አደርግና ጣራውን ሳዳምጥ ነው የማድረው። ትላንት ግን ራሴን ማስቀመጤን እንኳ አላስታውስም።» ሻሻቸውን አቃኑ። «ያ ሻይ ነው። ጌታ ይባርከው ያመጣውን።»

እኔም ባለቤቴም ያመጣውን ሰውዬ በዓይነ ኅሊናችን አየነው፤ የሳምንቱ መጨረሻ ሲደርስ ከባር የማይጠፋውን ያንን ባልደረባውን። በሕይወቱ ተመርቆ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ በየምሽቱ ከእራት በኋላ አማቴ ቆርቆሮውን ያወጡና አንድ እፍኝ ይዘግናሉ። እፍኛቸው ደግሞ ቀላል አይደለም። ባለቤቴ ከጋዜጣው በላይ ቆርቆሮውን ሲከተል አየዋለሁ። የመዓዛው ምሥጢር፣ የቢራ ሁሉ አክሊል፣ በሙቅ ውሃ እየተነከረ ይጠፋል። መኝታ ክፍላችን ገብተን በሩን ስንዘጋ በርሜሉ ብልቅ ይላል፤ እሱ ደግሞ ይተነፍሳል።

«እናትህን ነው ወይስ በርሜልህን?» እለዋለሁ።

«ዝም በይ እባክሽ።»

«በርሜሉ እኮ አልወለደህም።»

ሳቁን ለማፈን ትራሱን ፊቱ ላይ ይደፋል።

አማቴ ሕክምናቸውን በደህና ጨረሱ። ዓይናቸው ታሽጎ በተመለሱ ሰሞንም ሻዩን አልተዉም። የብልቅታው ድምፅ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። ባለቤቴ ጆሮውን በርሜሉ ላይ ለጥፎ «ደርሷል» አለኝ። ደረቁን አበባ የሚጨምርበት ቀን ማለቱ ነው። ወደ ወጥ ቤት ሄዶ ቆርቆሮውን ከፈተ። ተከትዬው ስገባ የማቀዝቀዣው ብርሃን ፊቱ ላይ በርቶ ቆሞ ነበር። ቆርቆሮው ውስጥ የቀረው ለበርሜሉ ጥቂት፣ ለኩባያ ግን ለአንድ ሰሞን የሚበቃ ነው።

እውነቱን ለመናገር፣ ቢወስደው አልፈርድበትም ነበር። ስንት የደከመበት ነገር ነው። እሱ ግን ክዳኑን መልሶ ገጠመና ቆርቆሮውን ከቅቤው ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊት፣ እናቱ በቀላሉ በሚያገኙበት ቦታ አስቀመጠው።

«ታዲያ መዓዛው?» አልኩት።

«ይቅር። ያለ መዓዛ ይጠጣል።»

ያን ሲል ድምፁ እንደ ተቀጣ ተማሪ ስለነበር አንጀቴን በላው። በማግስቱ ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ስመለስ በገበያው በኩል ዞርኩና አንድ እሥር ደረቅ ጌሾ ገዛሁ። ጠረጴዛው ላይ ሳኖርለት ጌሾውን አየ፣ እኔን አየ።

«በቢራ ላይ? ጌሾ?»

«ሌላ አበባ እስኪመጣ በርሜሉ ሲያረጅ ከምታይ።»

«ሰው ምን ይላል?»

«ሰው ገና ድሮ ስቆ ጨርሷል። ብቅል ስትገዛ አልነበርክም እንዴ?»

እያጉረመረመ ቅጠሉን ለቀመ፣ አሸተተ፣ በእጁ ፈተነው። ከዚያ እያጉረመረመ አንድ ንጹሕ ሻሽ ቀቀለና አደረቀ። ማጉረምረሙ እየቀነሰ፣ መቸኮሉ እየጨመረ ሄደ። ሻሹ ውስጥ ጌሾውን ቋጠረ፣ እንዳይንሳፈፍ የተቀቀለ ማንኪያ አብሮ አሰረበት። ልንጨምረው የተነሣነው በማግስቱ፣ ሁለታችንም ቤት በዋልንበት ቀን ነው፤ የአማቴ ዓይን አንድ ቀን ቀደም ብሎ ተፈትቶላቸው ነበር። ከሰዓት በኋላ አረፍ ብለው ስለነበር ጊዜው ተስማሚ መሰለን።

የረሳነው ነገር አማቴ አሁን የሚያዩ ሴት መሆናቸውን ነው። ጠዋቱን በሙሉ ቤቱን ሲጎበኙ ነው የዋሉት። መደርደሪያ ላይ ያለ አቧራ አይተዋል። ፀጉሬ ላይ ያለ ሽበት አይተዋል፣ ነግረውኛልም። ባለቤቴ መክሳቱን አይተዋል፣ እሱንም ለእኔ ነግረውኛል። ያልታየ የቀረው የእኛ መኝታ ክፍል ብቻ ነበር።

ክዳኑን ከፍተን፣ ባለቤቴ ቋጠሮውን በክር አንጠልጥሎ በርሜሉ አፍ ላይ ይዞ፣ እኔ ጆንያውን ሰብስቤ ይዤ፣ በሩ ተከፈተ።

«ጋቢ ፈልጌ ነበር» አሉ አማቴ። አዲሶቹ ዓይኖቻቸው ከባለቤቴ እጅ ወደ በርሜሉ፣ ከበርሜሉ ወደ ቱቦዋ፣ ከቱቦዋ ወደ እኔ ተራመዱ። ድምፃቸው ቀነሰ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«እማማ፣ ይሄ እኮ የ…» ብዬ ጀመርኩ። ምን ልል እንደነበር እስከ ዛሬ አላውቅም።

«ቢራ ነው፣ እማዬ» አለ ባለቤቴ። ቋጠሮው በእጁ እንደተንጠለጠለ ነው። «እኔ ነኝ የጠመቅኩት። እሷ የለችበትም።» ክሩን ጣቱ ላይ ጠመጠመ። «ማታ ማታ የምትጠጪውም… ሻይ አይደለም። ቢራ ላይ የሚጨመር አበባ ነው። ደብቄው ነበር፣ አገኘሽው።»

አማቴ አልጋችን ጫፍ ላይ ተቀመጡ። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። እኔ ጆንያውን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ፤ ውሃው በቀሚሴ ላይ ይወርዳል።

«ያሰክራል?» አሉ።

«አያሰክርም። አበባው ብቻውን ምንም የለበትም። እንቅልፍ ነው የሚሰጠው።»

«ታዲያ ምን አስደነገጠህ?» አሉት። «አበባውን የፈጠረው ጌታ ነው። ቢራ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ።»

ከዚያ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አነሡ፤ ቤታችን የገቡ ቀን እንዳደረጉት። ተነሥተው ወደ በርሜሉ ቀረቡና ቋጠሮውን በሁለት ጣት ያዙት። «ይሄ ግን የውጭ አይደለም። ጌሾ ነው።»

«በምን አወቅሽ?» አለ ባለቤቴ።

«በአፍንጫዬ ነዋ! እኔ ጌታን ተቀበልኩ እንጂ አፍንጫዬ መቼ ተቀበለ? እናቴ ፈርሶ ጠማቂ ነበረች። ጌሾዋን የምወቅጠው እኔ ነበርኩ።» ፈርሶ ማለት በኦሮሞ ቤት የሚጠመቀው ጠላ ነው። ባለቤቴ እናቱን አፉን ከፍቶ ያያቸው ጀመር። አያቱ ጠማቂ እንደነበሩ በዕድሜው ሁሉ ሰምቶ አያውቅም። እሳቸው ግን ወደ ሌላ ነገር አልፈዋል። «አበባው እያለህ ጌሾ ምን አስፈለገህ?»

እሱ ቋጠሮውን ማየት ጀመረ። እኔም በዚህ ጊዜ ዝም ማለት አልቻልኩም። «እርስዎ ይተኙበት ብሎ ነው፣ እማማ። የቀረውን ለእርስዎ ተወው።»

አማቴ ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት። በደንብ ሲያዩት ዓይናቸው ከተፈታ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። እጃቸውን ዘርግተው የአንገቱን ኮሌታ አስተካከሉለት።

«ሞኝ ነህ» አሉት በቀስታ። «ልክ እንደ አባትህ።» ከዚያ ጋቢያችንን ከአልጋው ራስጌ አንሥተው ሄዱ። በሩ ላይ ሲደርሱ ዞር ሳይሉ «ቅጠሉን ብዙ አታቆይበት፣ እንጨት እንጨት ይላል» ብለው ወጡ።

በራቸው ተዘግቶ እስኪሰማ ጠበቅንና አልጋው ላይ ተደፍተን፣ ድምፃችንን አፍነን ሳቅን። ባለቤቴ ሲስቅ ዓይኑ እንባ ሞልቶት ነበር።

በዚያ ምሽት እራት ላይ አማቴ እንደ ወትሯቸው ጸለዩ። ምግቡን ባረኩ፣ ሐኪሙን ባረኩ፣ እኔንና ተማሪዎቼን ባረኩ። ከዚያ ትንሽ ቆም ብለው «ጌታ ሆይ፣ በዚህ ቤት በርሜል ውስጥ ያለውንም ነገር አንተ ታውቃለህ። እንደ ፈቃድህ ይሁን» አሉና አሜን ብለው ማንኪያቸውን አነሡ።

ባለቤቴ ግን መብላት አልቻለም። መኝታ ቤት እንደገባን «እንደ ፈቃድህ ስትል ይበላሽ ማለቷ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ! አንተ ነህ ሚስዮን ያደግከው።»

«በጸሎቷ እኮ ዝናብ መጥቶ ያውቃል» አለኝ ከልቡ እየተጨነቀ።

አማቴ ቆርቆሮውን በፌስታል ጠቅልለው ወደ ኩየራ ተመለሱ። ቢራው ደግሞ አልተበላሸም። ባለቤቴ በጠርሙስ በጠርሙስ ሞልቶ፣ ቆርኪ መግጠሚያ ተውሶ አሸገው። ጋዝ እስኪይዝ ጠበቀና አበባውን ያመጣለትን ባልደረባውን አንድ እሑድ ከሰዓት ጠራው። እናቴንም ከወንጂ አስመጣኋት፤ እንዲህ ያለ ነገር ሳታይ ቢቀርባት ይቅር የምትለኝ አይመስለኝም። ባለቤቴ ብርጭቆዎቹን አጥቦ አጥቦ አደረቃቸው። ቢራው ሲቀዳ እውነተኛ አረፋ ነበረው፣ ቀለሙም ያምር ነበር። በልቤ ኮራሁበት፣ ግን አልነገርኩትም።

ባልደረባው ጠጣ። አፉ ውስጥ አገላበጠው። ጣራውን አየ።

«እንዴት ነው?» አለ ባለቤቴ።

«ጥሩ ነው። በጣም ጥሩ ነው። ግን…» ሰውዬው እንደገና ቀመሰ። «ወንድሜ፣ ይሄ ጠላ ነው።»

ባለቤቴ ወደ እናቴ ዞረ፣ ፍርድ እንደሚጠብቅ ሰው። እናቴ በእሷ ፊት እንዲህ በትሕትና የቆመ አማች አይታ ስለማታውቅ ጊዜዋን ወሰደች። ፉት አለች፣ አጣጣመች፣ ብርጭቆዋን አስቀመጠች።

«ጠላስ አይደለም» አለች።

«አየህ!» አለ ባለቤቴ ለባልደረባው።

«ጠላ እንዲህ አይቀጥንም» አለች እናቴ። «ውሃ በዛበት እንዴ፣ ልጄ?»

ያን ዕለት ከሁላችንም በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነው። ጠርሙሶቹም ፀሐይ ሳትጠልቅ አለቁ፤ ጠላ አይደለም ያለችውም ቢራ አይደለም ያለውም እኩል ጠጥተዋል።

ብዙም ሳይቆይ አማቴ ደወሉ። አበባው አልቆባቸዋል። ያለቀው ግን በእሳቸው ብቻ አይደለም፤ ለጸሎት ቡድናቸው ሴቶችም አካፍለዋቸው ኖሯል። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው የራቁባቸው፣ ሌሊቱ የሚረዝምባቸው ሴቶች ናቸው። አሁን ሁሉም ይጠይቃሉ።

«ምን እንደሆነ ነግረሻቸዋል?» አለ ባለቤቴ።

«የልጄ አበባ ነው አልኳቸው» አሉ። «ሌላውን አልጠየቁኝም።»

ባልደረባው በሰው በኩል ሌላ ከረጢት አስመጣ፤ ከግማሽ የሚበልጠው ኩየራ እንደሚሄድ ሲሰማ ግንባሩን ይዞ ሳቀ። በዕረፍታችን ጊዜ እኔና ባለቤቴ ይዘንላቸው ሄድን። አማቴ በረንዳቸው ላይ አስቀመጡን፣ ሴቶቹ አንድ በአንድ እየመጡ ባለቤቴን ግንባሩን ሳሙት፤ እንደ ሐኪም እጁን ይዘው ያመሰግኑታል፣ እሱ ጆሮው እየቀላ መሬት መሬት ያያል። ሴቶቹ ከሄዱ በኋላ ግን ወንበሩን ወደ እናቱ አስጠጋና ስለ አያቱ ጠየቃቸው። አማቴ መጀመሪያ «የድሮ ነገር ነው» ብለው ሊያልፉት ነበር። ከዚያ ስለ ማሰሮዎቹ አነሡ። ከዚያ በገበያ ቀን ሰዎች ከሩቅ እየመጡ የእናታቸውን ደጅ እንዴት እንደሚሞሉት፣ እሳቸው በልጅነታቸው ከጌሾው ብዛት እጃቸው አረንጓዴ ሆኖ እንዴት ትምህርት ቤት እንደሚሄዱና አስተማሪው እንዴት እንደሚቆጣቸው ተናገሩ። እናታቸው ስትሠራ ትዘፍን ነበር። የዘፈኑን መጀመሪያ በኦሮምኛ ጀመሩና አቋረጡት፤ ዙሪያቸውን አዩ፣ ሣቁ፣ ቀጠሉበት። ባለቤቴ እናቱ ከመዝሙር ሌላ ሲዘፍኑ ሰምቶ አያውቅም ነበር።

ስንመለስ ባቱ ላይ ዓሣ ልንበላ ወረድን። ሐይቁ ከሩቅ ያበራል፣ ጋሪዎቹ ፊት ለፊታችን ያልፋሉ። ባለቤቴ ዓሣውን ይፈለፍላል እንጂ አይበላም።

«ምን ሆንክ?» አልኩት።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከቤታችን ቢራ የቀመስኩ የመጀመሪያው እኔ ነኝ ብዬ ሳፍር ነው የኖርኩት» አለኝ። «ለካ የጠማቂ የልጅ ልጅ ነኝ።»

«ሙያው ግን እንዳይጠፋ ተጠንቅቆ ነው አንተን የዘለለህ» አልኩት።

አጥንቱን ሳህኑ ላይ ወርውሮ እየሳቀ እጁን በሎሚ አሸ፣ ከእኔም ሳህን ትልቁን ቁራጭ አንሥቶ በላብኝ።